ከርነሉ ብቻውን አልመጣም
ስለ ሊኑክስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ይህን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ብቻውን እንደ ፈጠረው አድርጎ ማቅረቡ አልተዋጠልኝም። እሱ የጀመረው ከርነሉን ነው፤ በኮምፒውተሩ ዕቃና በፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ ሜሞሪውንና ፕሮሰሰሩን የሚያደላድለውን ክፍል። ሪቻርድ ስቶልማን ግን ነጻ ስርዓተ ክወና ለመሥራት የተነሳውን የግኑን ፕሮጀክት በ1983 አውጆ ነበር። ቶርቫልድስ የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ የቀየረበት ኮምፓይለር እንኳ የግኑ ነው።

በአንድ መስመር ያለፋችሁት የፈቃዱ ጉዳይ ደግሞ ለእኔ ዋናው ነው። የሊኑክስ የመጀመሪያው ፈቃድ በስርጭቱ ገንዘብ መቀበልን ይከለክል ነበር። ገልብጦ መሸጥ የተቻለው በ1992 ጂፒኤል ወደተባለው የግኑ ፈቃድ ሲዛወር ነው፤ ያውም ምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ኮድ፣ ለተቀባዩ ክፍት እስከሆነ ድረስ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በነበረችኝ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ የደንበኛ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባ ነበር። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ያን ጊዜ በነጻ በፖስታ ይልከው የነበረው ሲዲ ሲደርሰኝ አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ቀየርኩበት። ከቫይረሱ ተገላገልኩ። የአማርኛው አጻጻፍ ግን ከለመድኩት ተለይቶብኝ ለሳምንት ያህል ላብ አጠመቀኝ፤ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ይህ እስኪያልቅ ቡናው በረካ ይደርሳል» ብለው ሄደው ጠጥተው ተመለሱ። አልጨረስኩም ነበር።