20 ወጣ ማለት ሁሉም ነገር ይሳካል ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ጀማሪው ግራ እንዳይጋባ አንድ ሕግ ብቻ ንገሩት፣ ዳይሱ 20 ካወጣ ሁሉም ይሳካል» ያልከው ስህተት ነው። በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ይዞ፣ ባለ 20 ፊት ዳይስ እየወረወረ ታሪክ የሚጫወትበት ጨዋታ) አምስተኛ እትም፣ በፈረንጆቹ 2014 በወጣውም በ2024 በታደሰውም፣ 20 ሲወጣ ያለ ጥያቄ የሚሳካው የጥቃት ውርወራ፣ ማለትም ጠላትን ለመምታት የሚጣለው ዳይስ ነው። ግድግዳ መውጣት፣ ዘበኛ ማሳመን፣ ቁልፍ መክፈት ላይ ግን 20 ቁጥር ብቻ ነው፤ የገጸ ባህሪው ጭማሪ ይደመርበትና አጫዋቹ (ታሪኩን የሚመራው ሰው) ካስቀመጠው የአስቸጋሪነት ቁጥር ጋር ይተያያል። ጭማሪው 2፣ የሚፈለገው 25 ከሆነ 22 አልደረሰም። አለቀ። (ሞት አፋፍ ላይ ያለ ገጸ ባህሪ 20 ሲያወጣ 1 የሕይወት ነጥብ ይዞ መንቃቱ የራሱ ሕግ ነው።)

እዚህ ጣፎ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንጫወተው ነባርም አዲስም ሆነን ነው፤ ይህን «20 ካወጣ ሁሉም ይሳካል» የሚል ወሬ ለአዲሶቹ የሚያስተምሩት ደግሞ ነባሮቹ ናቸው! ከዚያ አዲሱ ልጅ ንጉሡን «ዘውድህን ስጠኝ» ብሎ 20 ይጥላል፣ አጫዋቹ እምቢ ሲለው ተጭበረበርኩ ይላል። ይፈረድበታል?

የማይሆን ነገር ከሆነ መጀመሪያውኑ ዳይስ አታስወርውር። ካስወረወርክ ደግሞ 20 ሲወጣ ሊሆን የሚችለውን ጥሩ ነገር ስጥ፤ ንጉሡ ለምሳሌ ልጁን እስር ቤት ከመወርወር ይልቅ በድፍረቱ ስቆ ይልቀቀው። በቤታችሁ «20 ሁሌ ይሳካ» ብላችሁ ከተስማማችሁ ማንም አይከለክላችሁም፣ ብቻ መጽሐፉ ነው ያለው አትበል፤ አዲሱ ሰው ነገ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይህንኑ ይዞ ይከራከራል።