አዲስ ተሠርቶ የሚመጣ ነባር ጄት

የአሜሪካ አየር ኃይል ኤፍ-15ኢኤክስ የተባለውን፣ የነባሩን ኤፍ-15 ተዋጊ ጄት አዲስ ዓይነት መግዛቱን ወደኋላ መመለስ ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ አልስማማም። የሚተካቸው የቀድሞዎቹ ኤፍ-15ሲዎች አካላቸው ደክሟል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2007 ሚዙሪ ላይ አንዱ በበረራ ላይ እንዳለ ለሁለት የተከፈለው ሎንጀሮኑ፣ ማለትም በአካሉ ርዝመት የሚሄደው ተሸካሚ ብረት፣ ከተወሰነለት ልክ ቀጥኖ ስለተሠራና ውሎ አድሮ ስለተሰነጠቀ ነበር። ኢኤክስ ግን ከፋብሪካ አዲስ የሚወጣ ነው፤ አካሉ የተነደፈው ለ20,000 የበረራ ሰዓት ሲሆን ከራዳር የሚሰወረው ጄት የኤፍ-35ኤ 8,000 ነው። 12 የአየር ለአየር ሚሳይሎች ይሸከማል፤ ኤፍ-35ኤ ከራዳር ለመሰወር በሆዱ ውስጥ የሚይዘው 4 ብቻ ነው። ኤፍ-15ሲ የለመዱ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖችም ሽግግሩ አይከብዳቸውም።

"ርካሽ ስለሆነ እንግዛው" የሚሉት ግን ተሳስተዋል፤ የግዢ ዋጋው ከኤፍ-35ኤ አያንስም። በራዳር በግልጽ ስለሚታይም የሩሲያ ሥሪት ፀረ-አውሮፕላን ሚሳይል ኤስ-400 ወደተተከለበት ሰማይ በመጀመሪያው ቀን መላክ አብራሪውን ማስበላት ነው። የኢኤክስ ቦታው የአገር ሰማይ ጥበቃ ነው፤ ፖርትላንድ ኦሪገን ያለው የብሔራዊ ዘብ የአየር ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የተረከበውም ለዚሁ ሥራ ነው።