ጎረቤቱን ሳያጣራ የሚያምን የድሮን መንጋ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት ወር 2018 በሆንግ ኮንግ የቪክቶሪያ ወደብ ላይ የብርሃን ትርዒት ያሳዩ ከነበሩት ድሮኖች መካከል 46ቱ በድንገት ወደቁ፤ ምክንያቱም የጂፒኤስ ምልክት መታወክ እንደሆነ ተገለጸ። የትርዒት ድሮኖች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተጫነላቸውን መንገድ ስለሚከተሉ እርስ በርስ አይመካከሩም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከእነርሱ ቀጥሎ የሚመጣው፣ እንደ ወፍ መንጋ እየተያየ አቅጣጫውን የሚወስነው የድሮን ቡድን ነው።

የመንጋ በረራ ሕግ አጭር ነው። የኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያው ክሬግ ሬይኖልድስ በ1987 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ አባል ከጎረቤቶቹ ጋር ካልተጋጨ፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ከእነርሱ ጋር ካስማማ፣ ከመካከላቸውም ካልራቀ መንጋው ያለ አዛዥ ይጓዛል። በትንበያ የሚመራ ቁጥጥር በዚህ ላይ አርቆ ማየትን ይጨምራል፤ ድሮኑ የሚቀጥሉትን ጥቂት ሰከንዶች አስልቶ የተሻለውን መንገድ ይመርጣል፣ የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ ይፈጽማል፣ ከዚያም በአዲስ መረጃ እንደገና ያሰላል። ስሌቱ ግን ጎረቤቶቹ «ያለሁት እዚህ ነው፤ የምሄደው ወደዚያ ነው» ብለው በሚልኩለት መልእክት ላይ የቆመ ነው።

መልእክቱን በምስጠራ፣ ማለትም ሚስጥራዊ ቁልፍ የሌለው እንዳያነበውና አስመስሎ እንዳይልከው አድርጎ በማሸግ፣ መጠበቅ ይበቃል የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። በዚህ አልስማማም። ምስጠራ ከውጭ የሚመጣን አስመሳይ ያግዳል፤ ትክክለኛውን ቁልፍ እንደያዘ በጠላት እጅ የወደቀን አባል ግን አያጋልጥም። በሐሰተኛ የጂፒኤስ ምልክት የተታለለ ድሮንም ስህተቱን እንደ እውነት ቆጥሮ፣ በትክክለኛው ቁልፍ አሽጎ ለጎረቤቶቹ ያሰራጫል።

አምስት ጎረቤቶች ከፍታቸውን 29፣ 30፣ 30፣ 31 እና 80 ሜትር ብለው ቢያሳውቁ፣ ሰሚው ድሮን ከፍታውን የሚያስተካክልበት አማካይ 40 ሜትር ይሆናል፤ አንድ ውሸታም ሰሚውን ድሮን 10 ሜትር ያህል ወደ ላይ ጎተተው ማለት ነው። ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ጥሎ የቀሩትን የሦስቱን አማካይ መውሰድ ግን ውጤቱን ወደ 30 ሜትር ገደማ ይመልሰዋል። ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ 29 ያለው ጎረቤት እውነቱን ተናግሮ ሳለ ተጥሏል፤ ሁለት ውሸታሞችን ለመቋቋም ደግሞ ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት መጣል ስለሚያስፈልግ እያንዳንዱ ድሮን ብዙ ጎረቤቶችን ማዳመጥ፣ ባትሪውንም ለዚያ ማዋል ይኖርበታል። እኔ ይህ ዋጋ መከፈል አለበት ባይ ነኝ።

ይህ ዘዴ ብቻውን የማይደርስበት ጥቃትም አለ፤ በየጊዜው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ እየዋሸ መንጋውን ቀስ በቀስ ከመንገዱ የሚያወጣ ጥቃት። እዚህ ላይ ትንበያው ራሱ መከላከያ ሊሆን ይችላል። ድሮኑ ጎረቤቱ ከአፍታ በፊት እሄድበታለሁ ያለውን ስፍራ በራሱ ካሜራ ከሚያየው ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ እየተጠራቀመ ከሄደ ለዚያ ጎረቤት መልእክት የሚሰጠውን ክብደት ይቀንሳል፣ ከእርሱም የሚጠብቀውን ርቀት ያሰፋል።

ስለዚህ የአቪዬሽን ባለሥልጣናት እንዲህ ያሉ መንጋዎች ሰው በተሰበሰበበት ስፍራ ላይ እንዲበሩ ከመፍቀዳቸው በፊት፣ አንድ አባል ሆን ተብሎ እንዲዋሽ በተደረገበት በረራ የቀሩት ሳይጋጩ መመለሳቸውን አምራቹ እንዲያሳይ ሊያስገድዱት ይገባል፤ ፈተናውም ምልክቱ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን፣ ምልክቱ በአግባቡ እየደረሰ ሐሰት ሲናገርም መደረግ አለበት።