ሁለት ገፊ፣ ሰባት አዛዥ

ደብረ ብርሃን ላይ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው የስልክ አላርም አያስፈልገውም። ጭንቀቱ ይቀሰቅሰዋል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አመዳዩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር፣ ከብርድ ልብሱ የሚወጣው «ዛሬስ ትነሳልኝ ይሆን?» እያለ ነው። የኔዋ ዶልፊን ናት። ስንት ዘመን ታክሲ ሆና ስትሰቃይ ኖራ በስተርጅናዋ እኔ ግቢ የገባች። ሸዋ ሮቢት ወርዳ ስታድር በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። አመሏ የሚወጣው ደጋ ላይ፣ እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው፣ ያ ሞተሩን የሚቀሰቅሰው፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ከኋላ ነጭ ጭስ ቡልቅ አለ። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች! ሦስተኛ ስሞክር የግቢው በር ተንኳኳ።

በኛ ሰፈር መኪና አልነሳ ያለ ዕለት ጡሩምባ አይነፋም እንጂ ነገሩ ሁሉ ለቅሶ ነው። ሰው ጋቢውን እንደደረበ ይመጣል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ «መቼ ጀመራት?» ይላል። «ማታ ደህና አልነበረች?» ይላል። ራሱን ይነቀንቃል። ቀጥሎ የሚመጣው «እኔ ድሮም ድምፅዋ አላማረኝም ነበር» ነው።

መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው። ጣርማ በርን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው ይላሉ። (ያ ጣሊያን ያስቆፈረው ዋሻ ውስጥ፣ በሳቸው ጊዜ፣ ቢገልጡትም ቢጨፍኑትም ያው ነበር።) ኮፈኑን አስከፈቱኝ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዩ፣ ከዚያ ፈረዱ። «ዘይቷ ረግቷል። ከሥሯ ፍም አድርግላት። እኛ እንዲያ ነበር የምናስነሳው።»

ናፍጣ የሚያንጠባጥብ መኪና ሥር እሳት! እኔ «ኧረ ጋሼ» እያልኩ ስከራከር እትዬ ግን ሰምተው ኖሮ ማንደጃውን ይዘው ከተፍ አሉ። ደግነቱ ሰው መብዛቱን ሲያዩ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ለሞተሩ የመጣው ፍም ለጀበናው ሆነ።

ቡናው ሲፈላ ሐኪሙ በዛ። አንዱ «ባትሪ ነው» አለ፣ ሞተሪኖው እንደዚያ ሲሽከረከር እያየ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ዩቱብ ላይ የሌላ መኪና ሞተር በሕንድኛ ሲፈታ አሳየኝ፤ አልገባንም ግን እስከ መጨረሻው አየነው። እትዬ ደግሞ ረከቦቱ ላይ ሆነው «ዓይን ነው። ጠበል ርጩባት» አሉ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሌለው ምክር እሱ ነበር።

ከዚያ ያው የማይቀረው መጣ። ግፊያ። ሁለት ሰው ገፋ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ሰባት ሰው «ግፋ!» አለ። መኪናዋ ከግቢ ወጥታ መንገድ ዘግታ ቆመች። አሁን ባለባጃጆቹም መካኒክ ሆኑ።

ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ሰው ሲበተን ነው ማሰብ የቻልኩት። ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፤ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ስጫናት ጠንካራ ናት፤ አየር አልገባም። ነጭ ጭስ አለ ማለት ናፍጣው ደርሷል፣ የሚያቃጥለው አጥቶ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ብልጭታ አይፈልግም፤ አየሩ ታምቆ ሲግል በራሱ ይቀጣጠላል። በአመዳይ ጠዋት ግን ብረቱ ሁሉ በረዶ ሆኖ ሙቀቱን ይመጠዋል። ለዚያ ነው ካንዴሌታ የተፈጠረው፤ አስቀድሞ ውስጡን የሚያሞቀው። (ካንዴሌታ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኮፈን። ጣሊያንን በ1933 ዓ.ም. አባረን ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስተናቸዋል።)

አራቱን ካንዴሌታዎች የሚያገናኘውን ብረት ፈታሁ። የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጌ በሌላው የካንዴሌታዎቹን ጫፍ አንድ በአንድ ነካሁ። ደህና ከሆነ አምፖሉ ይበራል። አንደኛው፣ ጭልም። ሁለተኛው፣ ጭልም። ሦስተኛው በራ። አራተኛው፣ ጭልም። ምስኪኗ በአንድ ምድጃ ነበር አራት ክፍል ስታሞቅ የከረመችው።

አዲስ አራት ገዝቼ አሰርኩ። በማግሥቱ ቁልፉን ግማሽ አዙሬ እስከ አሥር ቆጠርኩና አስነሳኋት። ድምፅዋን ሰምተው ጋሼ ብቅ አሉ። «እኔ ምን አልኩህ? ሙቀት ነው አላልኩም?» በአጥሩ ላይ እትዬ «ጠበሉ!» ብለው ተሻሙ። የአክስቴ ልጅ ቪዲዮው ላይ እንዳለ ማለልኝ።

በሳምንቱ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ያለው ልጅ መኪናው አልነሳ ብላው ሰው ተሰብስቧል። ጋቢዬን እንደደረብኩ ሄድኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ትንሽ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ካንዴሌታ ነው» አልኩ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «የቤንዚን ናት እኮ።»

«አየህ፣» አልኩት፣ «ችግሩ እሱ ነው።»