ዋስ የሌለው ወርቅ

የጎንደር ሰዎች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የምቆጣውም ስለምሳሳላችሁ ነው።

አዘዞ የምትኖር ዘመዴ በርበሬ ቸርችራ ባጠራቀመችው ገንዘብ ከባሕር ሥር ሊወጣ ነው ከተባለ ወርቅ «ድርሻ» ገዛች። ወረቀቱን አሳየችኝ። በፕላስቲክ ተለብጧል፤ ባለ ሸራ መርከብ ተስሎበታል፤ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቅላዋለች። ማን እንደፈረመ ፈለግሁ። ፊርማ አለ፣ ስም የለም። በስልኩ ደወልን፤ አይነሳም።

እኛ እኮ ለዕቁብ ዋስ የምንጠራ ሰዎች ነን! አብሮን ያደገ ጎረቤት እንኳ ዕጣ ሲወጣለት ዋስ ካላቆመ ብሩን አይወስድም። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ መዝገብ አለ። ታዲያ ፊቱን አይተነው ለማናውቅ ሰው ምን ነክቶን ነው እጃችንን የምንፈታው?

«ወርቁ እኮ እውነት ነው» ትሉኛላችሁ። ይሁን፣ እውነት ነው። ሴንትራል አሜሪካ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1857 የካሊፎርኒያ ወርቅ እንደጫነች ሰጠመች። ቶሚ ቶምፕሰን የተባለ መሐንዲስ ከ161 ሰዎች 12.7 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ በ1988 አገኛት። ወርቁ ወጣ፣ ተሸጠም። ገንዘብ ያዋጡት ግን «ድርሻችንስ?» ብለው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተቱ። ሰውየው ተሰወረ፤ በ2015 ሲያዝም የ500 የወርቅ ሳንቲሞችን መድረሻ አልናገርም ብሎ ዓመታት ታሰረ። እነዚያ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ጠበቃ አቁመው ነው። የአዘዞዋ ሴት ለማን አቤት ትበል?

ወርቁን ያወጣውም ቢሆን ባለቤት ነው ማለት አይደለም። በ1804 የሰጠመችውን የስፔን መርከብ፣ መርሴዲስን፣ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 አግኝቶ 600 ሺህ የሚጠጋ ሳንቲም አወጣ። ፍርድ ቤቱ የስፔን ነው አለ፤ በ2012 በአውሮፕላን ተጭኖ ሄደ።

ደግሞ እኛ ጎንደሬዎች ይህን ልንረሳ ይገባል? አፄ ቴዎድሮስ ከዚሁ ከከተማችን አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ ያጋዙትን ቅርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖታል። እስከ ዛሬ መልሱልን እንላለን። የሌላው ሕዝብ ቅርስ፣ ያውም የሰጠሙ ሰዎች መቃብር ላይ ያለ፣ በድርሻ ሲቸበቸብ እንዴት ገዢ እንሆናለን?

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ያቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ሁሉ እዚያ ማስመዝገብ አለበት። በመጪው እሁድ ዕቁብ ላይ ይህን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ካለ መካከል አስቀምጡና ስሙን፣ ፈቃዱን፣ ዋሱን ጠይቁት።

የከፈላችሁም አትደብቁ። ዘመዴ ሦስት ቀን ሙሉ አፍራ ከቤት አልወጣችም። ትናንት ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዳ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።