ውዳሴ ለአምስተኛዋ ክር

ባለፈው ሰሞን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። «የቤዙ ልጅ ነህ አይደል? ቅዳሜ ሰርግ አለን» አለኝ የባንዱ አለቃ። ስንት ዘፈን እንደማውቅ አልጠየቀኝም። ቺክቺካ ስንይዝ ከድራሙ ጋር ረግቼ እቀመጥ ወይም ታክሲ እንዳመለጠው ሰው እሮጥ እንደሆነ አልጠየቀኝም። አንቺ ሆዬ ቅኝትን ከባቲ ለይቼ ማወቅ አለማወቄም አላሳሰበው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበረች፤ «ባለስንት ነህ?» ቤዝ ጊታርህ ስንት ክር አላት ማለቱ ነው።

«ባለአምስት።»

«በቃ ጨርሰናል። ስምንት ሰዓት አዳራሹ ጋ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዘመኑን አመሰገንኩት። ድሮ ቤዝ ተጫዋች ለመቅጠር ስንት መከራ ነበር! አለቃው ልምምድ ቤት ያስመጣሃል፣ ሦስት ዘፈን ያስጫውትሃል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ነገሩ ሁሉ ጆሮ የሚጠይቅ ነበር፤ ጆሮ ደግሞ ለሁሉም አልተሰጠም። ዛሬ ዕድሜ ለአምስተኛዋ ክር፣ እስከ አምስት መቁጠር የቻለ ሁሉ የሙዚቃ ዳኛ ሆኗል። ዲሞክራሲ ማለት ይኸው ነው።

ያለፉት ሰዎች ግን ያሳዝኑኛል። ሊዮ ፌንደርን እንኳ ብናይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም፤ የተማረውም ሂሳብ አያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ብሎ ያወጣት ቤዝ፣ ዛሬ በየመድረኩ ለምናንጠለጥላቸው ሁሉ እናት ናት። እንግዲህ የሂሳብ ሰው ሆኖ አራት ላይ ቆመ! ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ብሎ መቁጠሩን አቋረጠ። በ1965 ኩባንያው ስህተቱ ገብቶት ባለአምስት ቢያወጣም፣ ተጨማሪዋን ክር በወፍራሙ ማድረግ ሲገባው በቀጭኑ በኩል ቀጠላት። ጥቂት ዓመት ቆይታ ከገበያ ጠፋች። ከኢ በታች የምትቃኘው ወፍራሟ አምስተኛ ክር፣ ቢ፣ የመጣችው ከዚያ ወዲህ፣ በ1970ዎቹ ነው። በ1980ዎቹ ሲንተሳይዘሩ (ኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱ) ከኢ በታች ወርዶ ማጓራት ሲጀምር፣ የቤዝ ተጫዋቾችም ከሥራቸው እንዳይፈናቀሉ ተከትለውት ወረዱ። ይህን የምነግራችሁ ለጠቅላላ ዕውቀት ነው። እኛ ጋ የመጣችበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ፎቶ ላይ ታምራለች።

የዲትሮይቱ ጄምስ ጄመርሰንም አለ። በሞታውን ሙዚቃ ቤት ስቱዲዮ በ1960ዎቹ የአሜሪካን ሕዝብ ያስጨፈረው የቤዝ መስመር ብዙው የዚህ ሰው ነው። መሣሪያው ባለአራት ፌንደር ነበረች፤ ክሮቿን መቀየር አይወድም፤ በቀኝ እጁ የሚመታውም በአንድ ጣት፣ በሌባ ጣቱ ነው። በአንድ ጣት! ዛሬ እዚህ ቢኖር ማን ሰርግ ይጠራዋል? «ጋሼ ጄምስ፣ ባለስንት ነዎት?» ሲባል ምን ሊመልስ ነው? ጃኮ ፓስቶሪየስም እንዲሁ፣ ፍሬት (አንገቷ ላይ የሚደረደረው የብረት መስመር) እንኳ በሌላት ባለአራት ቤዝ ዓለምን ሲያስደምም ኖሮ በ1987 ገና በ35 ዓመቱ ሞተ። ያቺን አንዲት ክር ሳይጨምራት።

የእኛዎቹም ከዚህ አይሻሉም። የዋሊያስ ባንዱ መላኩ ገብሬ፣ የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወቱትን ቤዝ ዛሬም ልጆች ከዩቲዩብ እየሰሙ፣ እየመለሱ፣ አሁንም እየመለሱ ይለማመዱታል። ካሴቱን ሲሰማ «ይሄ ባለስንት ክር ነው?» ያለ ሰው ግን በዘመኑ አልነበረም። ሕዝቡ ዝም ብሎ ይጨፍር ነበር። ምን ያህል ጨለማ ውስጥ እንደነበርን ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ራሷ ወደ እመቤቲቱ ልምጣ። ቢ ክር በክፍቷ ስትመታ በሴኮንድ 31 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። የባለአራቷ የመጨረሻ ወፍራም፣ ኢ፣ 41 ጊዜ ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20 ድረስ ይወርዳል ስለሚባል በወረቀት ላይ ሁሉም ሰላም ነው። የሰርግ አዳራሹ ስፒከር ግን ይህን ወረቀት አላነበበም። ገና 50 አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከዚያ በታች ያለውን ጆሯችን ከላይኞቹ ድምፆች ተነሥቶ እንደምንም ራሱ ይሞላዋል። ቢን የሚሰማት ጆሮ ሳይሆን ዕቃ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለው የለስላሳ ጠርሙስ ይንቀጠቀጣል፤ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡ የሙሽራው አጎት ደግሞ ዞር ዞር ብለው ከሥራቸው ይመለከታሉ።

መቼም በዝቅተኛ ድምፅ ዘርፍ እውነተኛው ተፎካካሪያችን መብራት ኃይል ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለሆነ፣ መሬት ያልተያዘለት አምፕ (ድምፅ ማጉያ) የሚያወጣው ጉምጉምታ ኢ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ካለችው ጂ ጋር አንድ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ያለ ክር፣ ያለ ጣት፣ ያለ ልምምድ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጂ። ያውም ሲፈልግ ጥሎን ይሄዳል እንጂ ቅኝት ስቶ አያውቅም።

የአምስተኛዋ ክር ትልቁ ጥበብ ግን ድምፅ ማውጣቷ አይደለም። ሌላውን ክር በነካህ ቁጥር እሷ ከጎን ሆና ታጉረመርማለች። ስለዚህ ባለሙያ የሆነ ሁሉ አውራ ጣቱን አስደግፎባት እንደታፈነች ያቆያታል። እስቲ ልብ በሉ፤ ከነወፍራም አንገቷ በውድ ዋጋ ትገዛለች፣ ከዚያ በኋላ የተጫዋቹ ዋና ሥራ እሷን ዝም ማሰኘት ይሆናል። ደሞዝ ከፍሎ ዘበኛ ቀጥሮ በር ላይ «እንዳትናገር» ብሎ እንደማስቆም ነው። አውራ ጣታችን በሰው ልጅ ታሪክ እንዲህ ያለ የተከበረ ማረፊያ አግኝቶ አያውቅም።

ነገሩ ከባህላችን የወጣ እንዳይመስላችሁ። በገናም አሥር አውታር ይዞ አሥሩም አይደረደሩም፤ ለጣት ማረፊያ የሚሆኑ አሉበት። ልዩነቱ የበገና ደርዳሪው በዐቢይ ጾም ጥግ ይዞ ሲቀመጥ «ባለአሥር ነኝ» ብሎ ፎቶ አለመለጠፉ ብቻ ነው። ቅኝቶቻችን ደግሞ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ክር ደረሰው ማለት ነው። ግራ እጅ ለመጨረሻ ጊዜ ጡረታ ሊወጣ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

ወደ አገር ቤት አመጣጧም ራሱን የቻለ ገድል ነው። ዋሽንግተን ያለው የአክስት ልጅ ለገና ሲመጣ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ፣ ተፈቅዶለታል። ቤዝ እንዳለች ሻንጣ አትገባም። ስለዚህ ብሎኖቿ ተፈትተው አንገቷ ከአካሏ ይለያል፤ አካሏ በሕፃናት ልብስ ይጠቀለላል፣ አንገቷ ለአያት በተገዛው ካፖርት ውስጥ አግድም ይተኛል። ቦሌ ስትደርስ ዕቃ እንጂ ቤዝ አትመስልም። ባለአራት ቢሆን ኖሮ አንገቱ ቀጠን ስለሚል ለአያት አንድ ጥንድ ጫማ ይተርፍ ነበር። አያት ግን ለልጅ ልጃቸው እድገት እግራቸውን ከመስጠት አይመለሱም።

እሺ፣ ፍትሕ ላለማጓደል አንድ ነገር ልመን። ዘፋኙ ሁለት ሰዓት ከጮኸ በኋላ ዞር ብሎ «ግማሽ አውርዱልኝ» የሚልበት ሰዓት አለ፤ ዘፈኑን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉት ማለቱ ነው። ኪቦርዲስቱ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። ዘፈኑ ኢ ከነበረ ኢ ፍላት ገባ ማለት ነው፤ ባለአራቱ ሰውዬ ደግሞ የመጨረሻው ክሩ ኢ ላይ ስለሚያልቅ ከታች የሚረግጠው መሬት ያጣል። ባለአምስቱ በዚያን ጊዜ ቢ ላይ አራተኛው ፍሬት ሄዶ፣ ተደላድሎ፣ አዳራሹን ከሥሩ ሊይዘው ይችላል። አዎ፣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ያየሁት ግን ከፍ ብሎ ኤ ክር ላይ ስድስተኛውን ፍሬት ሲይዝ ነው፤ የለመደውን አይለቅም፣ አውራ ጣቱም ከማረፊያው አይነሣም። ላም አለኝ በሰማይ። ቸርች የሚጫወቱ አንዳንድ ልጆች ብቻ እውነት እየነኳት ነገሩን ያበላሹታል። በዲ እና በሲ የተዘጋጀ መዝሙር ሲመጣ ረጋ ብለው ወርደው ደረትህ ላይ ያሳርፉብሃል። ለእነሱ ምን እንደምል አላውቅም፤ የውዳሴዬን መስመር ስለሚያዛንፉብኝ ልለፋቸው።

አንድ ምሽት ግን ክለብ ውስጥ ያየሁትን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤዝ የያዙት ቀለሟ የተፋቀ፣ ክንዳቸው የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ የወጣ ባለአራት የታቀፉ ትልቅ ሰው ነበሩ። ዘፋኟ ከሁለት ዘፈን መካከል «ግማሽ አውርዱልኝ» አለች። ኪቦርዲስቱ ቁልፉን ተጫነ። እሳቸው ግራ እጃቸውን ወደ መቃኛው ልከው ኢዋን ዘወር አደረጓት፣ በአውራ ጣታቸው አንዴ ነካ አድርገው ጆሯቸውን ወደ እንጨቱ አስጠጉ፣ ድራሙ ሲገባ አብረው ገቡ። ያቺን አንዲት ክር ሌሊቱን ሙሉ ከሌሎቹ አንድ ፍሬት አሳልፈው ሲረግጧት አንዴም አልተሳሳቱም። ዕረፍት ላይ ቀርቤ፣

«ጋሼ፣ ለምን ባለአምስት አይገዙም?» አልኳቸው።

ቢራቸውን ጎንጨት አሉና፣ «አራቱን ስጨርስ» አሉኝ።

አያችሁልኝ ኋላ ቀርነት! እኔ ሳልወለድ የጀመሯቸውን አራት ክሮች እስካሁን አልጨረሷቸውም። እኛ በሦስተኛው ወር ጨርሰን ወደ አምስት አልፈናል፤ ጓደኛዬ በቅርቡ ባለስድስት አስመጥቶ አንገቷ የልብስ መተኮሻ ጣውላ ስላከለች ሚስቱ ዓይኗን ጥላባታለች።

ስለ ክር ዋጋ ዝም ማለት ይሻላል። ደህና የቤዝ ክር ለመግዛት የሰርግ ገንዘብ አይበቃም፣ ባለአምስት ደግሞ ያው አንድ ይጨምራል። ስለዚህ የአገሬ ቤዝ ተጫዋች ክሩ ሲደነዝዝ ይቀቅለዋል። ቀልድ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ሲፈላ ላቡና ቅባቱ ይለቅና ለሁለት ሰርግ ያህል መልሶ ይጮኻል። እናቴ መጀመሪያ ቀን ድስቱን ከፍታ አይታ «ልጄ፣ ይሄ ፓስታ አይበስልም እንዴ?» ብላኛለች። አሁን ለምዳለች፤ እሷው ራሷ ሰዓት ትይዝልኛለች።

አንድ ጊዜ ታዲያ ስቀቅል ቢዋ ተበላሸች። ጠመዝማዛ ሽቦዋ ከጫፉ ተፈትቶ መላላት ጀመረ። ነጠላ ቢ ፈልጌ የዞርኩበት ሱቅ ሁሉ «ሙሉውን ካልወሰድክ» አለኝ። ቅዳሜ ደግሞ ሰርግ ነበረኝ። ምን ላድርግ፣ ባዶውን መቃኛ በጨርቅ ወልውዬ አሳምሬ፣ አራቱን ክር ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሲጠይቁኝ የምናገረውን ምክንያት በታክሲ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ።

የጠየቀኝ የለም። አለቃው መጣ፣ የቤዟን ራስ በዓይኑ ቆጠረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት መቃኛ፣ ራሱን ነቀነቀ። ፎቶ አንሺው «እስቲ ከፍ አድርጋት» ብሎ አነሣኝ። ሳውንድ የያዘው ልጅ ከዕረፍት በኋላ መጥቶ «የባለአምስት ነገር እኮ ሌላ ነው፣ ከታች ሲይዝ ያስታውቃል» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። በሚቀጥለው ሰርግም፣ ከዚያ በቀጠለውም እንዲሁ። ክር የመግዛቱ ሐሳብ በዚያው ቀረ።

ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። «ባለስንት ነህ?» ሲሉኝ «ባለአምስት» እላለሁ፣ ሥራም አላጣሁ። አውራ ጣቴ ብቻ አልፎ አልፎ፣ በተለይ ትዝታ ስንጫወት፣ ወደ ድሮ ማረፊያው ሄዶ ይዳብሳል።