ለቀበቶ ባለቅኔዎቻችን የቀረበ ውዳሴ

ባለፈው እሑድ እዚሁ ጎንደር አዘዞ ከነበረ የክርስትና ድግስ ወደ ፒያሳ የተመለስኩት በአንድ ዘመዴ የቤት መኪና ነበር። መኪናው ከተገዛ ሁለት ወር ስላልሞላው ወንበሮቹ የለበሱት ላስቲክ ገና አልወለቀም፤ ዘመዴም ይህ ላስቲክ ልጆቹ ለወግ ለማዕረግ እስኪበቁ ድረስ እንደማይነካ ከወዲሁ አስታውቋል። አባት መሪውን ጨበጠ፤ እናት ትንሹን ልጅ ታቅፋ ጋቢና ገባች፤ መካከለኛው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆመ፤ ታላቂቱ የበሩን እጀታ እንደ ክራር እየነካካች መስኮት ያዘች፤ እኔም በተረፈችው ቦታ ላይ ተሸጎጥኩ። ሞተሩ ተነሣ፤ ጎማው ዞረ፤ ቀበቶ ያላሰረ ሹፌር ባየ ቁጥር “ጢን ጢን” እያለ መነዝነዝ ግዴታው የሆነው መኪና ግን ትንፍሽ አላለም።

ምክንያቱን ለማወቅ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከሹፌሩ ወንበር ጎን ባለው የቀበቶ መሰኪያ ውስጥ አንዲት የብረት ምላስ ገብታለች፤ ምላስ ብቻ፤ ቀበቶ የሌላት፣ ከምንም ጋር ያልተያያዘች፣ ራሷን የቻለች ምላስ። እውነተኛው ቀበቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይጨማደድ በሩ አጠገብ ተንጠልጥሏል። አንባቢም ይህችን ምላስ ሳያውቃት አይቀርም፤ የመኪና ጌጥ በሚሸጥባቸው ሱቆች ከስልክ ማስቀመጫና ከሽቶ ጠርሙስ ጎን ተደርድራ ገዢ ትጠብቃለች። የዘመዴ ምላስ ዙሪያዋን የሚያብለጨልጭ ጠጠር የተለጠፈባት በመሆኗ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ዋጋ አውጥታለች። ሰው ለደኅንነቱ ገንዘብ ይሰስታል የሚሉ ሁሉ ይህን ይስሙልኝ፤ ዘመዴ ከመኪናው ጋር በነፃ የመጣለትን ቀበቶ ላለማሰር ከኪሱ ከፍሏል።

ጎንደር በአቋቋሙና በመጻሕፍት ትርጓሜው እንጂ በቅኔው አልታወቀችም ነበር። ቅኔ የፈለገ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ወደ ጎጃም መሻገር ነበረበት። እነሆ በእኛ ዘመን ያ ድካም ቀረ፤ ቅኔው በየመንገዱ በአራት ጎማ እየተሽከረከረ ይዘረፋል። ሰሙን ለመኪናው ይሰጡታል፦ “ታስሬያለሁ፣ ዝም በል።” ወርቁን ለራሳቸው ያስቀሩታል፦ “እኔን ማን ያስረኛል!” መኪናው ባዕድ ነውና ሰሙን ሰምቶ በደስታ ጸጥ ይላል።

ቅኔው ደግሞ እንደ ባለሙያው ደረጃ ይለያያል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናትና ሥራውም ሁለት ነው፤ ቀበቶውን በጀርባው በኩል አዙሮ ይሰካል፣ ከዚያም ተደላድሎ ይቀመጥበታል። በዚህ ጊዜ ወንበሩ ይታሰራል፤ ሰውዬው በነፃ ይለቀቃል። ትንሽ የበሰለው ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል። እርሷ ሦስት ቤት ናት፤ የትራፊክ ፖሊስ ቆብ ከሩቅ ሲታይ ቀበቶውን ስቦ በትከሻው ላይ ማሳለፍ፣ ጫፉን ሳይሰኩ በግራ እጅ ከወገብ ላይ ይዞ ፈገግ ማለት፣ ኬላው ሲታለፍ መልቀቅ። በሦስተኛው ቤት ላይ ቀበቶው “ሽው” ብሎ ወደ ጎሬው ሲመለስ የሚሰማው ድምፅ ለጆሮ የሚጥም ነው። አንድ እጅ መሪ፣ አንድ እጅ ቀበቶ፣ ስልኩ በትከሻና በጆሮ መካከል፤ እንዲህ ያለ ሰው ማርሽ በምን እንደሚቀይር እስካሁን አልደረስኩበትም።

የተመረቀው ባለቅኔ ግን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይዘርፋል፤ ዘመዴ ከእነዚህ ወገን ነው። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ቤቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ባለጠጠሯ ምላስ አንድ። ባለቤቱ በላዩ የተቀመጠችበት የጋቢናው ቀበቶ ሁለት። በእቅፏ ያለው ሕፃን ሦስት። በወንበሮቹ መካከል እንደ አጣና የቆመው ልጅ አራት። ዳሽቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ያለበሰው፣ የተሳፋሪው ኤርባግ (በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚነፋው ከረጢት) የሚፈነዳበትን ቦታ በጠጉራም ጨርቅ የደፈነው ጌጥ አምስት። ስድስተኛው በጋቢናው የፀሐይ መከላከያ ላይ ነው። እዚያ ላይ ሕፃን በኤርባግ ፊት እንዳይቀመጥ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል፤ ማንበብ የማይችል እንኳ እንዲገባው ሕፃኑ በቀይ መስመር ተሰርዟል። የዘመዴ ባለቤት ከሥዕሉ አጠገብ ባለችው መስታወት ሹሩባዋን አስተካከለች፤ ሥዕሉን ግን የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ከነማጣበቂያው ሸፍኖታል። ሰባተኛውን አሁን እነግራችኋለሁ፤ ስምንተኛው የእኔው ስለሆነ ይቆየኝ።

በመሀሉ ግን የቀበቶውን ፈጣሪ ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ዛሬ በየመኪናው ያለውን፣ ትከሻንና ወገብን በሦስት ነጥብ የሚይዘውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ያበረከተው ኒልስ ቦህሊን የተባለ የስዊድን መሐንዲስ ነው፤ ያሠራው የቮልቮ ፋብሪካም ሌሎች መኪና ሠሪዎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት የፈጠራ መብቱን ክፍት አድርጎላቸዋል። ይህ ሰው ወደ ቮልቮ ከመምጣቱ በፊት በሳብ የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ እዚያ የነበረው ሥራ አደጋ ሲመጣ አብራሪውን ከነወንበሩ ወደ ሰማይ የሚያስፈነጥር መሣሪያ መንደፍ ነው። እንግዲህ ሰውን ማስፈንጠር ትቶ ሰውን ወደ መያዝ ተዛወረ ማለት ነው። የእኛ ባለቅኔዎች ግን የቀድሞው ሥራው ሳይበልጥባቸው አልቀረም፤ በመስታወት በኩል ተስፈንጥሮ መውጣት የሚቻልበትን ዕድል በገዛ ገንዘባቸው አስመልሰዋል፤ ልዩነቱ ጃንጥላው መቅረቱ ብቻ ነው።

ሰባተኛው ቤት ያለው በኋላ በሮች ጠርዝ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ከቁልፉ አጠገብ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ መቀየሪያ ትታያለች፤ እርሷ ከዞረች በሩ ከውጭ ካልሆነ በቀር ከውስጥ አይከፈትም። የተሠራችው ታላቂቱን ለመሰለች እጀታን እንደ ክራር ለምትመታ ልጅ ነው። ዘመዴ መኪናውን በገዛ በሳምንቱ “የኋላው በር ከውስጥ እምቢ አለ፤ ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው” ብሎ ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩም ብልህ ሰው ነበርና እንዲሁ በጣቱ ገልብጦ አልሸኘውም። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ አንድ ረዳት ጠርቶ የእጅ ባትሪ አስያዘ፣ ማክያቶ ታዘዘለት፣ ጠጣ፣ “ከውስጥ ሳይፈታ አይቀርም” ብሎ አሳሰበ፣ ባለቤቱ ግማሽ ቀን ከጠበቀ በኋላ ያችን መቀየሪያ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ገፋ አደረጋትና የእጅ ዋጋ ተቀበለ። ዘመዴ ይህን ታሪክ የሚያወራው ስለ መካኒኩ ችሎታ ለመመስከር ነው። “የፋብሪካውን ስህተት በግማሽ ቀን አረመልኝ” ይላል፤ ለጎረቤቱም መክሮ እዚያው ጋራዥ ልኮታል፤ የጎረቤቱም በር ተፈውሶ ተመልሷል። አሁን በሰፈሩ ከውስጥ የማይከፈት በር ያለው መኪና የለም። በዚያው እሑድ መንገድ ዳር ቆሎ ልንገዛ ቆም ስንል ታላቂቱ የተፈወሰውን በር በመንገዱ በኩል ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ አንድ ባጃጅ በሩን በስንዝር ስቶ አለፈ፤ ዘመዴም አንገቱን አውጥቶ ባጃጁን ሰደበ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን አቁሜ አንድ ነገር ልናገር። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ መሬት ሊደርስ የተቃረበ ዕቃ ያለውን ፍጥነት ይዟል። ይህ መኪና ከፊቱ ካለ ነገር ተጋጭቶ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን እናቱን የሚጎትታት እንደ 140 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከነአርባ ኪሎ ጭማሪው በድንገት ከእጇ ሲስፈነጠር ይዞ የሚያስቀር እናት አልተፈጠረችም፤ ፍቅሯ ስላነሰ አይደለም፣ ክንድ ስለሆነ ነው። ኤርባጉ ደግሞ ዐይን ተከድኖ እስኪከፈት እንኳ ሳይጠብቅ ተነፍቶ ያልቃል፤ የታሰበውም በቀበቶ ለተያዘ አዋቂ ሰው ደረት ነው፤ በመካከል ያለው የሕፃን ራስ ከሆነ የሚመታው ያንን ራስ ነው። ይህን የማያውቅ አባት ይቅር ይባል። ሥዕሉን አይቶ በሠርግ ፎቶ የሸፈነው ግን በምን ይቅር ይባላል? ልጁ አልመረጠም፤ አልነዳም፤ ባለጠጠሯን ምላስ አልገዛም።

ወደ ውዳሴያችን እንመለስ። “ለምን አታስርም?” ብዬ ብጠይቀው ዘመዴ ያልተዘጋጀ መልስ አልነበረውም። በመጀመሪያ “ከተማ ውስጥ እኮ ነው፤ ሊማሊሞ እየወረድን መሰለዎት?” አለኝ። ቀጥሎ “ቀን ካልጎደለ ምን እንሆናለን” አለ። ይህንን የሚለው ሰው የቤቱን በር በሁለት ቁልፍ የሚቆልፍ፣ ከአጥሩ ላይ ጠርሙስ የሰካ፣ ውሻ ያሰረ ነው፤ ለሌባ ሲሆን በቀን አያምንም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የበዓል በጉ ነው። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ከገበያ የተገዛውን ሙክት በዚሁ መኪና ጣሪያ ላይ ሲጭን አይቼዋለሁ። አራት እግሩ ተጠፍሯል፤ ወገቡ በገመድ ዞሯል፤ ገመዱ በመስኮቶቹ ገብቶ ከውስጥ ተቋጥሯል፤ ዘመዴም እንዳይላላ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሞክሮታል። በማግስቱ ሊታረድ የሚሄድ በግ በዚያ መኪና ላይ ከተጓዙት ሁሉ የተሻለ ታስሮ ቤቱ ገባ።

ሌሎች ባለሙያዎችንም ባልጠቅስ ቅር ይላቸዋል። ሁለቱን ፍሬቻዎች በአንድ ጊዜ ማብለጭለጭ ኃጢአትን ሁሉ ያስተሰርያል ብለው የሚያምኑ አሉ፤ መሀል መንገድ ላይ ያቆማሉ፣ ያችን ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ቡና ሊጠጡ ይገባሉ። በሠርግ ሰሞን የፋሲልን ግቢ ሲዞሩ ልጆቻቸውን በጣሪያ መስኮት እስከ ወገባቸው አውጥተው እንደ ባንዲራ የሚያውለበልቡም አሉ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የሚናገር መኪና የገዙ መጥተዋል፤ መኪናው የሚናገረው በቻይንኛ ነው። አንዱ ጎረቤቴ መኪናው በተናገረ ቁጥር “አሜን” ይላል። ምን እያለው እንደሆነ አላወቀም፤ ነገር ግን ድምፁ የሴትና የለሰለሰ ስለሆነ ምርቃት ነው ብሎ ወስዶታል። እኔ የምጠረጥረው በሩ እንዳልተዘጋ እየነገረችው መሆኑን ነው።

ከፒያሳ በታች አንድ የትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ነበር። ዘመዴ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ትቶ በቅጽበት ወደ ዘአምላኪየ ወረደ፤ ሳበ፣ ያዘ፣ ፈገግ አለ። ባለቤቱም ቆሞ የነበረውን ልጅ በእጇ “ተቀመጥ!” ብላ ቁልቁል ጫነችው፤ ልጁ ከለመደው የተነሣ ሳይጠየቅ አንገቱን ደፋ። ፖሊሱ በእጁ “እለፍ” አለ። “ሽው” የሚለውን ድምፅ ሰማሁ፤ ልጁም ከተደበቀበት ብቅ አለ።

የቀረችው ስምንተኛዋ ቤት ናት። እኔ ከአዘዞ ከተነሣንበት ጊዜ ጀምሮ የራሴን ቀበቶ ለማሰር ስታገል ነበር። ቀበቶው ራሱ ከትከሻዬ በላይ ተገኝቷል፤ መሰኪያው ግን ከላስቲኩ ሥር፣ ከላስቲኩ በላይ ከተነጠፈው የወንበር ልብስ ሥር፣ ከሁለቱም በታች ባለው ስንጥቅ ውስጥ ተቀብሯል። ጣቶቼን እስከ መገጣጠሚያቸው ሰድጄ ስፈልግ በመጀመሪያ የከረሜላ እንጨት አወጣሁ፤ ቀጥሎ አንዲት የአንድ ብር ሳንቲም፤ ከዚያም ሁለት የሽምብራ ቆሎ። ዘመዴ በስፖኪዮው አየኝና ፊቱ ቅይር አለ።

“ምነው ጋሼ፣ አነዳዴን አላመኑትም?”

“አምኜዋለሁ፤ ሳንቲም ወድቆብኝ ነው” አልኩት።

ታላቂቱ ሳንቲሟን ከእጄ ወስዳ በሩን ከፈተች፤ መኪናው ገና አልቆመም ነበር።